የሚቆራረጠው ወንድሜ

ብዙ ነገር የምፈራ ሴት ነኝ። ውሻ እፈራለሁ፣ መብረቅ እፈራለሁ። ግምገማም እፈራ ነበር፤ ያን ጊዜ ግምገማ አልፈራም የሚል የመንግሥት ሠራተኛ ካለ ወይ አለቃ ነው ወይ ዋሽቷል። ኮምፒውተር ግን ፈርቼ አላውቅም ነበር። ሶዶ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር መጀመሪያ የሰጡኝ ታይፕራይተር ነው። በኋላ ዞን አገልግሎ ያረጀ ኮምፒውተር ወደ እኛ ወረደ። ወፍራም ነው፣ አቧራማ ነው፣ ሲበሩት እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ለደብዳቤ ግን ምንም አይወጣለትም ነበር። ደብዳቤ አይንቀሳቀስማ።

ወንድሜ ከአገር ከወጣ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። በሞያሌ በኩል ወጥቶ፣ እግዜር ያውቃል ስንት አገር አቆራርጦ ደቡብ አፍሪካ ገባና ሱቅ ውስጥ ሥራ ያዘ። በየወሩ ባይሆንም ይደውል ነበር። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር እያልን ሰባት ወር ሞላ። ከወደዚያ የሚመጣው ወሬ ደግሞ ደህና ወሬ አልነበረም፤ ሱቅ ተዘረፈ፣ የእገሌ ልጅ ተመታ፣ የእነ እገሌ ድንኳን ተተከለ። እኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሳላማትብ አላነሳም ነበር።

እናታችን የምትኖረው ገሱባ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። «አዬ» ብለን ነው የምንጠራት፤ በወላይትኛ እናት ስትጠራ እንደዚያ ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሲሰማን በሆነ ነገር የምናዝን ይመስለዋል። በእነዚያ ሰባት ወራት ግን እውነትም እያዘንን ነበር። አዬ መጀመሪያ ሰሞን በየሳምንቱ «ደወለ ወይ?» ትለኝ ነበር፤ በኋላ መጠየቅ ተወች። መጠየቅ ስትተው ነው የባሰ የፈራሁት።

አንድ ዓርብ ጠዋት የማላውቀው ጎልማሳ ሰው ቢሮዬ ገባ። ከደቡብ አፍሪካ ለቤተሰብ ጥየቃ መምጣቱ ነው። ማንነቴን አጣርቶ ከኪሱ ፍላሽ አወጣ።

«ወንድምሽ ቪዲዮ ልኳል። ቶሎ ገልብጪና ፍላሹን መልሺልኝ፤ መኪና እየጠበቀኝ ነው» አለ።

«ደህና ነው?» አልኩት።

«እሱ ራሱ ይነግርሻል።»

እስቲ ይሄ መልስ ነው? ሰው እንዲህ ብሎ ይመልሳል? ሌላ ልጠይቀው ስል ሰዓቱን አየ። ገለበጥኩለት፣ ፍላሹን ነቅሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ወንድሜ ያለው እዚያ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነበር፤ ስሙም ስሙ አልነበረም፣ ቁጥርና ፊደል የተደባለቀበት አንድ መስመር ነበር።

የሥራ ባልደረቦቼ ለምሳ እስኪወጡ ጠበቅሁ። የመንግሥትን ንብረት ለግል ጥቅም አዋለች ተብዬ በግምገማ እንዳልነሳ ነው። ከዚያ ከፈትኩት።

ወንድሜ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከስቷል። ከኋላው ቢጫ መጋረጃ አለ፤ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ማራገቢያ ይዞራል። «አዬ፣ እንደምን አ...» ብሎ ቆመ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ድምፁ ብቻውን ሄደ፣ ፊቱ ወደ ኋላ ቀረ፤ ከዚያ ፊቱ ዘሎ ድምፁን አለፈው። «ደ... ደ... ደህና» ይላል፣ ጭንቅላቱ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ይሆናል፣ እጁ ይዘላል። ዘጋሁት። እንደገና ከፈትኩት፤ ያው ነው። እኔ በሕይወት መኖሩ በቅቶኛል፤ ለአዬ በጎረቤት ስልክ ደውዬ «ተገኘ፣ ነይና እይው» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው።

ቅዳሜ ጠዋት መጣች። የገሱባን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በአይሱዙ ተንገጫግጫ፣ ነጠላዋ አቧራ ለብሶ፣ በአንድ እጇ ቦይና፣ ጎደሬ የምትሉትን፣ በፌስታል፣ በሌላው የሚያቃጥለውን ዳጣችንን በጠርሙስ ይዛ ወረደች። ዘበኛው የኦፋ ሰው፣ የወንዛችን ልጅ ነው፤ ነገሩን ሲሰማ ቢሮውን ከፈተልን። አዬን ወንበሬ ላይ አስቀመጥኳትና ቪዲዮውን ከፈትኩላት።

አለቀሰች ብል ውሸት ነው። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ አየች። ሲያልቅ «ድገሚው» አለች። ደገምኩት።

«ለምንድነው የሚንቀጠቀጠው?» አለችኝ።

«ኮምፒውተሩ ነው አዬ። አርጅቷል፣ ቪዲዮ አይችልም። ይቆራርጠዋል።»

«እጁን ተመልከቺ። ቀኝ እጁን።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ገብቶኝም ያልገባኝ መሰልኩ። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋሽ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ዓመት ለመስቀል የተቀመጠውን ቅቤ በጣቱ እየዛቀ ጨርሶ «አላየሁም» ሲል፣ አፉ እንደ ዳኛ ኮስተር ብሎ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ነገር በጠፋ ቁጥር አዬ «አፉን ተዉት፣ እጁን አምጡልኝ» ትል ነበር። እንስቅበት ነበር፤ እሱም ይስቅ ነበር።

«ኧረ በማርያም፣ የኮምፒውተሩ ነው» አልኳት። «መጋረጃውም ይንቀጠቀጣል እኮ፤ ማራገቢያውን አታይም እንዴ? ሁሉም ነው።»

መጋረጃውን አየች። ማራገቢያውን አየች።

«እንግዲያስ አስተካክይው» አለች። «ሌላው ሁሉ ቀጥ ይበልና እሱን ልየው።»

በዚህ ነው የተያዝኩት። የኮምፒውተሩ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ማስተካከልም የእኔ ዕዳ ሆነ። ወንድሜ ደህና ይሁን አይሁን የሚታወቀው ያ ሳጥን ሲሻለው ነው።

የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ለመስክ ሥራ ቢጠና ወደምትባል ከተማ ወርዶ ነበር። ጥሩ ልጅ ነው፤ የዲምቱ ተወላጅ ነው፣ አንድ ችግር ብቻ አለበት፤ አማርኛ ሲናገር ሴትና ወንድ አይለይም። በወላይትኛ ብናወራ ይቀልለን ነበር፣ ግን ሁላችንም የኮምፒውተር ነገር ሲሆን ወደ አማርኛ ነው የምንዞረው፤ የተማርነው በእሱ ነዋ። ሞባይሉ እንደ ዕድል ያዘ። ነገሩን ነገርኩት።

«ትልቅ አድርገህ አትየው» አለኝ። «በትንሽ መስኮት ክፈተው።»

«እኔ ሴት ነኝ» አልኩት፣ ቆሽቴ እያረረም ቢሆን።

«አውቃለሁ። ክፈተው።»

በትንሽ መስኮት ከፈትኩት። ትንሽ ሻል አለ፣ ግን አሁንም ይቆራረጣል።

«ከኋላ ብዙ ነገር አለ፣ እሱ ነው የሚጎትተው። የማትፈልገውን ሁሉ አጥፋ።»

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። በወላይትኛ መብራት ማጥፋት ሌላ ቃል ነው፤ ነገርን ድራሹን ማጥፋት ደግሞ ሌላ ቃል። አማርኛ ግን ለሁለቱም ያው «አጥፋ» ነው። እሱ የተከፈቱትን ዝጋ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ አዬ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ልቤ እየመታ፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል አጣብቄ፣ ወንድሜ ያለበትን ፎልደር ከፈትኩና የማልፈልገውን ማጥፋት ጀመርኩ። የድሮ ቃለ ጉባኤ፣ የድሮ ሰርኩላር፣ ስማቸው በሙሉ ቁጥርና ፊደል ነው። ጠራርጌ አጠፋኋቸው።

«አጠፋህ?»

«አጠፋሁ።»

«ጎበዝ። አሁን ቪዲዮውን ክፈተው።»

ፈለግሁ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች ሄድኩ። ፎልደሩ ባዶ ነው።

«የለም» አልኩ።

«እንዴት የለም? ምን አጠፋህ?»

«አጥፋ ያልከኝን።»

ከዚያ «ዝጋ ማለቴ እኮ ነው...» ሲል ሰማሁት፤ ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል፣ ብደውል፣ አይገባም።

ክው ብዬ ቀረሁ። ሰውዬው ፍላሹን ይዞ ሄዷል፣ የት እንደሚኖር አላውቅም። ሰባት ወር ጠፍቶ የተገኘ ሰው በገዛ ጣቴ አጠፋሁት። አዬ ከስክሪኑ ዐይኗን አንስታ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም፤ እየፈለገው ነው» አልኳት።

ፊቴን አላየችም። ዐይኗ ወደ እጄ ወረደ። እኔ ማውሱን ጨብጬ ጠረጴዛው ላይ ተጫንኩት፤ እንዳይንቀሳቀስ ነው። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ጠበቀች።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፣ ስልኬ ጮኸ። ልጁ ነው፤ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ከፍታ ቦታ ወጥቶ ኖሯል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል።

«ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ተመልከት። ካልደፋኸው አለ። ምንም ነገር እንዳትነካ።»

ከፈትኩት። ከሰርኩላሮቹ መሃል ያ ቁጥርና ፊደል ቁጭ ብሏል። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልጅ ይውጣልህ፣ ያላልኩት የለም። መለስኩት፣ ወዲያው ስሙን ቀይሬ «ወንድሜ» ብዬ ጻፍኩበት። አዬ ማንበብ አትችልም፣ የቅርጫቷን ሥዕል ግን አይታለች።

«ልጄን ቆሻሻ ውስጥ ጥለሽው ነበር?» አለችኝ።

«አወጣሁት እኮ አዬ።»

«አወጣሽው» አለች።

ለቪዲዮው የሚበጅ ነገር ግን አልተገኘም። ልጁ ያለውን ሁሉ አደረግሁ፣ ይቆራረጣል። በመጨረሻ «ሰኞ እመጣለሁ፣ ሳጥኑን መክፈት አለብኝ» አለ። አዬ እኔ ጋር ሰነበተች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ እሷ ለማርያም ስለት ገባች። ለምን እንደተሳለች አልጠየቅኋትም። እኔም ተስያለሁ፤ የእኔ ግን የሚያሳፍር ስለት ነው፣ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ሰኞ አለቃችንና ባልደረቦቼ ዞን ስብሰባ ነበራቸው፤ ቢሮው ለእኛ ቀረ። ልጁ ካቻቢቴውን ይዞ መጣ። ሳጥኑን ሲከፍተው የወጣውን አቧራ ብታዩ፤ የዓመታት አቧራ ነው። ውስጡ ያለችው ማራገቢያ በአቧራ ታፍና መዞር አቅቷታል።

«ይሄ እኮ መተንፈስ አቅቶት ነው» አለ። «ሲግል ይደክመዋል፣ ሲደክመው ይቆራርጣል። እማማ፣ ልጅዎት ምንም አልሆነም፤ የታመመው ይሄ ነው።»

አዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት። ልቤ ስንጥቅ አለ። አቧራውን በብሩሽ ጠረገው፣ ከሞተ ሌላ ኮምፒውተር ሚሞሪ ነቅሎ ጨመረበት፣ ዘጋው፣ አበራው። ወፍጮው ቀነሰ። ቪዲዮውን ከፈተው፤ በጣም ተሻለ፣ ግን እዚህም እዚያም ይዘላል። ልጁ ከንፈሩን ነከሰ።

«ቪዲዮው ራሱ ለዚህ ይከብደዋል። አሳንሼ ልሥራው። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን እንደ ውኃ ይፈሳል» አለ።

ጀመረው። ስክሪኑ ላይ ቀጭን መስመር እየሞላች ትሄዳለች። ሁለት ሰዓት ይፈጃል አለ። ሦስታችንም ያቺን መስመር እያየን ተቀመጥን። ልጁ መጠበቁ ሲሰለቸው ይተርታል፤ «አይዞን፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላል። ስለ እጁ ነገር አያውቅም። ምሳሌ ያማረለት መስሎት ነው።

መስመሩ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ጭጭ አለ። ልጁ ተናደደ፣ ከመጀመሪያው እንጀምራለን ማለት ነው አለ። አዬ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ስለቱ ይሄ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ «እመቤቴ፣ ይሄ ቪዲዮ እንዳይስተካከል» ብያለሁ። እስከተቆራረጠ ድረስ የኮምፒውተሩ ነው ማለት እችላለሁ። እስከተቆራረጠ ድረስ ወንድሜ ደህና ነው። ኮምፒውተሩ ከተሻለው ግን የምደበቅበት የለኝም። እዚያ ጨለም ባለ ቢሮ ውስጥ መብራት እንዳይመጣ እየጸለይኩ ተቀመጥኩ፤ እናቴ ደግሞ አጠገቤ እንዲመጣ ትጸልያለች።

የእሷ ተሰማ። መብራት መጣ። ልጁ ከመጀመሪያው ጀመረ፣ መስመሯ እንደገና ሞላች፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አለቀ።

«አሁን ተመልከቱ» አለ። «መጀመሪያ መጋረጃውን ተመልከቱ።»

መጋረጃው ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ማራገቢያው ሳያቋርጥ ይዞራል፤ ነፋሱ መጋረጃው ጋ ሲደርስ ይታያል። ወንድሜ ዐይኑን ያርገበግባል፣ ከንፈሩና ድምፁ አብረው ይሄዳሉ። «አዬ፣ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልደወልኩት። ምንም አትስጊ» ይላል፣ ኮስተር ብሎ። ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ቀጥ ብሏል፣ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል። «ደህና ነኝ» ሲል ባሰበት፤ ግራ እጁን ጫነበት፣ ሁለቱም አብረው ተንቀጠቀጡ።

የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። አዬን ማየት ፈራሁ።

«አሁንስ ተስማማዎት እማማ?» አለ ልጁ፣ በሥራው ኮርቶ።

«ድገመው» አለችው።

ደገመው። በዚህኛው ጊዜ ፊቱን አላየችም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እጁን ነው ያየችው። ሲያልቅ «አጥፊው» አለችኝ። በወላይትኛ ነው ያለችው፣ መብራት የምናጠፋበትን ቃል ነው የተጠቀመችው። ስለዚህ አልተሳሳትኩም።

የሆነውን ያወቅነው ቆይቶ ነው። ሱቁ ተዘርፎ ትከሻው ላይ በጥይት ተመትቶ ነበር፤ ወራት ተኝቷል፣ ቪዲዮውም የተቀረጸው ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን ነው። እንዲያ ያንቀጠቀጠው ቁስሉ ነው ወይስ ውሸቱ ነው፣ እሱ ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ያን ቀን ግን ይሄን ሁሉ አናውቅም። የምናውቀው ደህና አለመሆኑን ብቻ ነው።

ልጁን አመስግነን ወጣን። እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት። መንገድ ላይ ስለ ስለቴ «ይቅር በይኝ» ማለት ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ። የገሱባው መኪና እስኪሞላ ቆመን ሳለ አንዲት የሰፈራችን ሴትዮ አዬን አይተው እየሮጡ መጡ።

«ልጅሽ ተገኘ አሉ። በቪዲዮ አየሽው አሉ። እሰይ፣ እልል በይ። እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አለች አዬ፣ ኮስተር ብላ። «ሥራ በዝቶበት ነው።»

ይህን ስትል ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ አስገባች።